ቁጣ ነው ስኳር?

ሌላ ሰው ሲቆጣ «ተረጋጋ» ይሉታል፤ እኔን ከረሜላ ያጎርሱኛል። የምሬን ነው! አፌን ለነገር ስከፍት የብርቱካን ከረሜላ ይገባበትና ጥርቅም ይላል። አጉራሹ ባለቤቴ ነው። ሶፋ አልባሽ ስለሆነ ከኪሱ ምስማር፣ ክርና ከረሜላ አይጠፋም፤ አንድ ቀን ተሳስቶ ምስማሩን ያጎርሰኛል እያልኩ እሰጋለሁ። ልጃችን ደግሞ ከክፍሏ ሳትወጣ፣ ደጅ ዝናብ ይሁን ፀሐይ እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ቁጣ ነው ስኳር?» ትላለች። አባቷ «ስኳር ሳይሆን አይቀርም» ይላታል። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ሰው «ቆሽቴ አረረ» ሲል መናደዱን መናገሩ ነው፤ የእኔ ቆሽት ግን ገና ኮረዳ ሳለሁ ከምር ሥራውን ጥሎ ሄዷል። ኢንሱሊን ማመንጨት አቆመ። ኢንሱሊን ማለት መልእክተኛ ነው፤ በደም ውስጥ እየዞረ የሴሎችን ደጅ ያንኳኳና «ስኳር መጥቷል፣ ክፈቱና አስገቡ» ይላቸዋል። አሁን መልእክተኛውን በመርፌ የምልከው እኔ ነኝ። ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ ደህና ቆሽት የሚበቃውን ያህል ልኮ ያቆማል፤ የመርፌው ግን አንዴ ከገባ «ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። ከበዛ ስኳሬን ከደሜ ጠራርጎ ያስወስደዋል። ያኔ ሰውነት መጮኽ አለበት፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ረሃብ ያንገበግባል። ጩኸቱን የሰማ ሰው ጣፋጭ ነገር ይቀምስና ይተርፋል።

የእኔ ሰውነት መጮኹን ተወ።

መተዉን ያወቅሁት መሪ ጨብጬ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት አደርሳለሁ፣ ከሥራ ሲወጡ እመልሳለሁ። ሠራተኞቹ በጸባዬ ምክንያት «ቃሪያ» ይሉኛል፤ እኔም አልጠላውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን ጢም አድርጌ ጭኜ አደባባይ ገባሁ። ገባሁ፣ አልወጣሁም። ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ፣ አሁንም ዞርኩ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ «ዛሬ ደግሞ ማን አናዷት ነው?» ተባባለ። በኋላ ሳቁ ጠፋ። ከማሸጊያ ክፍል የሆነች፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጥ ሴት ተነሥታ ትከሻዬን ነካችኝ፤ ዞር ብዬ ስላላየኋት፣ እግዜር ይስጣትና፣ ቁልፉን አዙራ ሞተሩን አጠፋችው። ማንም አልተጎዳም። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እኔ የማስታውሰው የመስታወቱን መጥረጊያ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሳይኖር ይመላለስ ነበር።

ስኳሬ ሲለካ ሠላሳ ስምንት። ሰው በዚያ ቁጥር ይወድቃል እንጂ አይነዳም። እጄ አልተንቀጠቀጠ፣ አላላበኝ፣ ምንም! ወዲያው ከመሪው ላይ አነሡኝና ስምሪት ክፍል ወንበር ላይ ጎለቱኝ።

ሐኪሜ የሆርሞን ሕመም የምታክም ትልቅ ሴት ናት፤ ከጥንት ጀምራ ስለምታውቀኝ አትራራልኝም። ባለቤቴንም ጠርታ ሁለታችንንም ፊቷ አስቀመጠችን።

«ጩኸቴን ማን ቀማኝ?» አልኳት።

«ማንም አልቀማሽም፤ ሰውነትሽ ለምዶ ነው» አለችኝ። «ስሚኝ። እያንዳንዱ ሴል ላዩ ላይ ተቀባይ አለው። መልእክተኛው በደም ውስጥ በሁሉም ደጅ ያልፋል፤ የሚሰማው ግን ለእሱ የሚሆን ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። ስኳርሽ ሲወርድ አንጎልሽ ያንን ያውቅና ከኩላሊትሽ በላይ ላሉት ትንንሽ ዕጢዎች ትእዛዝ ያስተላልፋል። እነሱ አድሬናሊን ይለቃሉ። ያው አንዱ አድሬናሊን ልብሽ ጋ ሲደርስ ያስሮጠዋል፣ እጅሽ ጋ ሲደርስ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጉበትሽ ጋ ሲደርስ ‹ያስቀመጥከውን ስኳር አውጣ› ይለዋል። ላቡና ረሃቡ ደግሞ በነርቭ በኩል ይመጣል።»

«አድሬናሊን የሚባለው ስናደድ የሚመጣው አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው። ስትናደጂም፣ ስትፈሪም፣ ስኳርሽ ሲወርድም የሚሮጠው ያው እሱ ነው። አሁን ግን ስኳርሽ ደጋግሞ ስለወረደ አንጎልሽ ዝቅ ማለቱን እንደ ደንብ ቆጠረው። እስክትወድቂ ድረስ ትእዛዝ አያስተላልፍም።»

ይሄስ ገባኝ። የእኛ ስምሪት ክፍል ራሱ እንደዚያ ነው፤ አውቶቡስ በዘገየ በመጀመሪያው ቀን ስልክ ያቃጥላሉ፣ ወር ሙሉ ሲዘገይ ግን ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

«ይመለሳል?» አልኩ።

«ጥቂት ሳምንት ጨርሶ ሳይወርድ ከቆየ ይመለሳል። ብዙ ሰው ላይ ተመልሷል።»

«ብዙ ሰው» ማለቷን አልወደድኩትም። ብዙ ሰው ውስጥ ገብቼ አላውቅም፤ ዕድሌ ሁልጊዜ ከጥቂቶቹ ጋር ነው።

«መለኪያው ሳይነግርሽ አንቺ ቀድመሽ ስኳርሽ መውረዱን ካወቅሽ፣ ‹መንዳት ትችላለች› ብዬ እጽፍልሻለሁ» አለች። «ካልተመለሰ ግን መሪ አትነኪም። አውቄአለሁ ብለሽ ብትመጪም ብቻሽን አላምንሽም፤ ለአውቶቡሱ ስትዪ በአንዲት ነፍሴ ብለሽ ትምዪልኛለሽ። አጠገብሽ ሆኖ ያየ ሰው ይንገረኝ።»

ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠችና፣ «ለመሆኑ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚመላለስብሽ? ጣፋጭ መቼ መቼ ትወስጃለሽ?» አለች።

«ስቆጣ።»

«በየስንት ጊዜው ትቆጫለሽ?»

ባለቤቴ ጣራውን አየ። እኔም አየሁ። ጣራው ምንም የለውም።

«እንግዲህ ዶክተር...» አለ በመጨረሻ፣ «ያላሰለሰ ነው።»

ዶክተሯ እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና አስረዳችን። ዱሮ እንደተጋባን አንዴ በእውነት ስኳሬ ወርዶ እንደ እብድ ስጮኽበት ባለቤቴ በከረሜላ አትርፎኛል። ከዚያ ወዲህ ስጮኽ ሁሉ ከረሜላ፤ የቤታችን ሕግ ሆነ። ቁጣው እውነተኛ ቁጣ ከሆነ ግን ከረሜላው ስኳሬን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ከፍ ማለቱን ሳይ እኔ ደግሞ ተጨማሪ ኢንሱሊን እወጋለሁ። የከረሜላው ጉልበት ያልቃል፣ የመርፌው አላለቀም፤ ሴሎቹም «አስገቡ» እንደተባሉ ያስገባሉ። እኔ ቁልቁል። በየቀኑ በራሳችን እጅ ስናወርደው ኖረን፣ የሰውነቴ ደወል ለመደውና ዝም አለ። እናድናለን ብለን!

«ከዛሬ ጀምሮ ሳይለካ ከረሜላ የለም» አለችው ባለቤቴን። «መለኪያ ከሌለ ስጣት። ካለ ግን ለካ፤ ካልወረደ ቁጣ ነው። ቁጣ ከሆነ ቁጭ ብለህ አዳምጣት።»

ባለቤቴ ፊቱ ኖራ መሰለ። ከስኳሬ ይልቅ ቁጣዬ እንደሚያስፈራው ያን ቀን ነው የገባኝ። አስቡት እንግዲህ፣ ስንቱ ነገር ከረሜላ ውጦት ቀርቷል! ሳሎኔን ሳይጠይቀኝ የደንበኛ ሶፋ ማከማቻ ሲያደርገው ጮኽኩ፤ ከረሜላ። እህቱ እኔ ሳላውቅ ልጄን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ስታዛውራት ጮኽኩ፤ ከረሜላ፣ ያውም ሁለት። አፉ ጣፍጦ ሳለ ሰው ምን ብሎ ይጣላል? ሶፋዎቹ እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ አሉ፤ በጎን ሆኜ ነው የማልፈው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንቅልፍ ነሱኝ። እለካለሁ፣ እበላለሁ፣ እለካለሁ። ጣቶቼ በመውጊያው ብዛት ወንፊት ሆኑ። ስምሪት ክፍል ተቀምጬ እጄን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋና አየዋለሁ፤ ቀጥ ብሏል። እጇ እንዲንቀጠቀጥላት የምትለምን ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልቤ ትንሽ ከደለቀ «መጣ!» ብዬ እለካለሁ፤ ደረጃ ስለወጣሁ ነው። ካላበኝ እለካለሁ፤ መስኮቱ ስለተዘጋ ነው። ደግሞ ነገሩ ራሱ ያሳብዳል። ስኳሬ ካልወረደ ደወሉ መመለሱን በምን አውቃለሁ? እንዲወርድ ደግሞ አይፈቀድልኝም። በመስኮት አውቶቡሴ ሲወጣ አያለሁ፤ አዲሱ ሹፌር ማርሹን ሲያንገጫግጨው ጥርሴን ያመኛል። ስኳሬ ግን አንድም ቀን አልወረደም። ባለቤቴም ኪሱን በመዳፉ ይዞ፣ እንደታዘዘው ከረሜላውን ሳያወጣ ሰነበተ።

የስምሪት ክፍሉን ኃላፊ «ፌርማታ» እንለዋለን፤ ሳያስቆም የሚያሳልፈው ነገር ስለሌለ። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ለምሳ መርፌዬን ወግቼ፣ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ሁለት ጉርሻ እንደጎረስኩ፣

«ምን ያቁነጠንጥሻል?» አለኝ። «ቢሮ ጥላ ነው፣ ሻይ አለ፣ ፀሐይ አይመታሽ።»

«አውቶቡሴን ነው የምፈልገው።»

«እንዴ! አንቺም ተስማምተሻል አይደል እንዴ? ባልሽ እኮ መጥቶ ነበር።»

«የት ነው የመጣው?»

የምሳው ማንኪያ አፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከአፉ እንዳመለጠው ገባው፤ ግን ፌርማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ማቆም አቃተው። «እዚሁ ነዋ። ‹ሐኪሟ ብትፈቅድላት እንኳ እዚሁ አቆይልኝ፣ መሪ አትስጣት› ብሎ ለመነኝ። እኔም እሺ አልኩት። ለአንቺው ብሎ እኮ ነው!»

ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ምሳዬን እንደተከፈተ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ጥዬ ወጣሁ። ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፤ በእግሬ ነካሁት። ለሰው ሁሉ ስመሰክርለት የኖርኩት ባል! ከረሜላ እያጎረሰ አፌን መዝጋቱ አንሶ፣ አሁን ደግሞ ከጀርባዬ ዞሮ እንጀራዬን! መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እያወራሁ፣ ሰው እየገፋሁ ሄድኩ። ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ይንቀጥቀጥ!» አልኩ። «ዛሬ ያልተንቀጠቀጠ መቼ ሊንቀጠቀጥ ነው!»

ባለቤቴ የሚሠራው በዚያው በቤታችን፣ በፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ባለእጀታ ወንበር ገልብጦ፣ ምስማሮቹን በከንፈሩ እንደያዘ ጨርቅ ይወጥራል። ገና ሲያየኝ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ወደ መዳፉ ተፋ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ።

«ልለካሽ?»

«እንዳትነካኝ! ይሄ ቁጣ ነው! ንጹሕ ቁጣ!» አልኩት። «ፌርማታ ጋ ሄደሃል! ከጀርባዬ ሄደህ አውቶቡሴን ነጥቀኸኛል!»

መዶሻውን አስቀመጠ። የሚደበቅበት እንደሚፈልግ ሰው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ስፖንጅ ክምር ላይ ቁጭ አለና፣ «እሺ» አለ። «ቁጣ ነው። እየሰማሁ ነው።»

በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልማርኩትም። ሶፋዎቹን አነሣሁ፣ እህቱን አነሣሁ፣ በጎን ሆኜ የማልፍበትን ሳሎኔን አነሣሁ። «አንተ ለእኔ የምትበጅ መስሎህ እኔን ሰው ከመሆን አወረድከኝ! የማልሰማ፣ የማልጠየቅ፣ የምጎርስ ብቻ!» እሱ ይሰማል። ዓይኑ ቀልቷል። እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ሳለ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ግማሹ የተበላ ዳቦ፣ የስፖንጅ ብናኝ የነካው። ምራቄን ዋጥኩ። ወደ ንግግሬ ተመለስኩ፤ ዓይኔ እንደገና ወደ ዳቦው ሄደ። ከነስፖንጁ ብበላው ምን አለበት?

እኔ እኮ ስናደድ ምግብ አይወርድልኝም። ከፊቴ ያለውን ሁሉ እገፋለሁ እንጂ አይርበኝም፤ አንድም ቀን ርቦኝ አያውቅም! አንገቴን ብነካው ቀዝቃዛ ላብ።

«ቆይ» አልኩ። «ቆይ፣ ቆይ... ወርጃለሁ።»

«ምን?»

«ስኳሬ ወርዷል። ይሰማኛል። አንተ ሰውዬ፣ ይሰማኛል!»

ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ የቤቱን መለኪያ ከመሳቢያ አውጥቶ ጣቴን ወጋኝ። ቁጥሩ እስኪመጣ ሁለታችንም መለኪያው ላይ አፈጠጥን። አምሳ ስምንት። ዱሮ በዚህ ቁጥር ዘፈን እየዘፈንኩ እነዳ ነበር። ከመለኪያው ጋር የተቀመጠውን ጭማቂ አፌ ላይ ደፋልኝ፤ እየሳቅሁ ስለጠጣሁት ግማሹ አገጬ ላይ ወረደ። እጄን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። «እይ! እይልኝ ሲንቀጠቀጥ! እልል በል እንጂ!» እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነበትና ፊቱን ወደ ወንበሩ አዞረ።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ስኳሩ ደሜ ውስጥ ሲገባ፣ ጭንቅላቴ ሲጠራ ይታወቀኛል። እጄ ቀጥ አለ። ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ላቤ ደረቀ። እንደገና ለካን፤ ከመቶ አልፏል። ከዚያ ቁጣዬን ፈለግሁት። እዚያው ነበር። ስኳሩ አልነካውም።

መለኪያው ግን ባለቤቴ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«ያንተ እጅ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«የእኔ ስኳር አይደለም» አለ። «የዚያን ቀን የማሸጊያ ክፍሏ ሴት ደውላ ‹ሚስትህ...› ካለች በኋላ ስልኩ ተቋረጠ። ሴትየዋ እንደገና እስክትደውል ድረስ ቀብሬሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እንዲህ ነኝ። አንቺ ደወልሽ ጠፋብሽ፤ የእኔ ደግሞ አልቆም አለኝ። ፈርቼ ነው ፌርማታ ጋ የሄድኩት።»

አዘንኩለት፤ አልዋሽም። እኔ የከረምኩት የራሴን ጩኸት ስፈልግ ብቻ ነበር፤ የእሱን ሰምቼው አላውቅም። ቢሆንም አልኩት፦

«ፍራ። መፍራት መብትህ ነው። ከጀርባዬ መዞር ግን መብትህ አይደለም።»

«አይደለም» አለ።

ከዚያ ሁለታችንም አንድ ነገር ትዝ አለን፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ከመለኪያው በፊት ማወቄን ያየ ሌላ ሰው የለም። ዶክተሯ የጠየቀችው ምስክር ይሄው እሱ ነው፤ አውቶቡሱን እንዳላገኝ የለመነው ሰው። «እኔ ነኝ ያወቅሁት፣ ከለካኋት በኋላ ነው የነገረችኝ» ቢላት ነገሬ እዚያው ይቆማል። ዝም ቢላትም ይቆማል። አልለመንኩትም። ጠበቅሁት።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ምስማሩን፣ ክሩን፣ ከረሜላዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ከረሜላዎቹ ስጮኽበት ሳለ ጨምቆ ይዟቸው ኖሮ ተሰባብረዋል።

«‹ወርጃለሁ› ስትይ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር» አለ። «ነገ አብሬሽ ሄጄ ለዶክተሯ እንዲህ ነው የምላት። እየፈራሁም ቢሆን እላታለሁ። ለፌርማታም እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

አፍንጫዬን ጠረግሁ። አንድ የደንበኛ ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«መልካም» አልኩት። «እንግዲህ እንጣላ። ከሶፋዎቹ እንጀምር።»

የልጄ ክፍል በር ገርበብ አለ። «ቁጣ ነው ስኳር?»

«ስኳሩ አልፏል» አልኳት። «ይሄ ቁጣ ነው። በርሽን ዝጊ።»